73 ጨዋታ በ18 ዓመት እግር

(ጅማ ውስጥ ለታዳጊ ተጫዋቾች፣ ለአሰልጣኞችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽፈህ ላክልን ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከድምፅ ቅጂው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ አካም ኦልታን! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩ ይጮሃል መሰለኝ፣ እሺ ትንሽ ራቅ አደርገዋለሁ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ወደ ፊት ኑና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ጭቃ ላይ ዘጠና ደቂቃ የሚንከባለል ሰው በዚህ ወለል አይኮራም። ኑ ኑ። ለእናቶች ወንበር ልቀቁ። አመሰግናለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ጨዋታ ላይ ሰው ሲወድቅ ቀይ ቦርሳ ይዤ የምሮጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። ወረቀቴ ላይ ፊዚዮቴራፒ ነው የሚለው፣ እናንተ ግን ወጌሻ ነው የምትሉኝ፣ ይሁን አልከፋኝም፣ አንዳንዱ ደሞ "በረዶው" ይለኛል ከየጁስ ቤቱ በረዶ ስለምለምን። እኔ ተጫዋች የማውቀው በፊቱ አይደለም በእግሩ ነው። መንገድ ላይ ሰላም ብላችሁኝ ካላወቅኳችሁ አትቀየሙኝ፣ ጭናችሁን ካሳያችሁኝ ግን ስማችሁን እስከነአባታችሁ እነግራችኋለሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ጉዳት አስተምርልን ነው ያሉኝ። እኔ ደሞ "ጉዳት" ብዬ ከጀመርኩ ግማሹ ሰው ይተኛል ግማሹ ስልኩን ያወጣል፣ ስለዚ ስለ ባርሴሎናው አማካይ ስለ ፔድሪ ነው የማወራው አልኳቸው።

አያችሁ! ስሙን ብቻ ስጠራ ጭብጨባ! እስኪ ባርሳ የሆነ እጁን ያውጣ። በጣም ጥሩ። ማድሪድስ? ማድሪዶች እንዳትወጡ፣ በሩን ዝጉልኝ፣ ለናንተም ነው።

ሶስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ ይሄ ልጅ ከየት መጣ። ሁለተኛ እኛ ጅማ ቁጭ ብለን ለምንድነው እንዲህ የወደድነው። ሶስተኛ 73 የሚባል ቁጥር አለ፣ እሱን። ዋናው ሶስተኛው ነው፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች ግን ከአሁኑ እየሳቁ ነው።

እሺ አንደኛ። ፔድሮ ጎንዛሌዝ ሎፔዝ። በፈረንጆች ኖቬምበር 25 ቀን 2002 ነው የተወለደው፣ ቴኔሪፌ የሚባል ደሴት ላይ፣ ቴጌስቴ የምትባል ትንሽ ከተማ። ካናሪ ደሴቶች ይባላሉ፣ የስፔን ናቸው፣ ካርታ ላይ ብታዩዋቸው ግን ከስፔን ይልቅ ለሞሮኮ ነው የሚቀርቡት፣ ማለት እኛ አህጉር ደጃፍ ላይ ናቸው። አባቱ ምግብ ቤት ነበረው፣ አያቱ ደሞ እዛችው ከተማ የባርሳ ደጋፊዎች ማህበር ያቋቋመ ሰው ነው። ስለዚ ልጁ ባርሳ የሆነው እንደናንተ ቪዲዮ አይቶ አይደለም፣ ከነጡጦው ነው።

ታዲያ ይሄ የባርሳ ቤተሰብ ልጅ መጀመሪያ ሙከራ የሄደው የት ይመስላችኋል? ማድሪድ! ሪያል ማድሪድ ሄዶ ተሞከረ። የሄደበት ሰሞን በረዶ ይጥል ነበር፣ ከሞቃት ደሴት ተነስቶ በረዶ ላይ፣ እንደልቡ መጫወትም መሰልጠንም አልቻለም፣ መጨረሻ ላይ አትሆነንም አሉትና መለሱት። ማድሪዶች አትሳቁ፣ እናንተን ነው የሚመለከተው።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር ልበል። ክለብ ሙከራ ሄደው ተመልሰው የሚያለቅሱ ልጆችን አውቃለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሃያ ደቂቃ ተጫውቶ፣ "አጭር ነህ" ተብሎ የተመለሰ ልጅ እኔ ጋ መጥቶ ያውቃል። ምኑን ሊታከም? እግሩ ደህና ነው። ከዛ አባቱ ደውሎ "እንግዲህ ኳስ በቃው አይደል?" ይለኛል። ጋሼ፣ ሃያ ደቂቃ እኮ ነው! በሃያ ደቂቃ ሽሮ ራሱ አይበስልም።

ፔድሪ አልበቃውም። ላስ ፓልማስ ገባ፣ እሱም ደሴት ላይ ያለ ክለብ ነው፣ በ2019 በ16 ዓመቱ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ላይ ከትላልቅ ሰዎች ጋር መጫወት ጀመረ። ሴፕቴምበር 2019 ላይ፣ ለዋናው ቡድን ገና አንድ ጎል ሳያገባ፣ ባርሳ በ5 ሚሊዮን ዩሮ ተስማማ፣ በኋላ እንደ ጨዋታው እየታየ የሚጨመር ነገር አለው ግን መነሻው 5 ነው። በዛን ሰሞን ባርሳ ለአንዳንድ ተጫዋች ከመቶ ሚሊዮን በላይ እያወጣ ነበር ልብ በሉ። ከዛ 2020 ላይ ባርሴሎና ገባ፣ አሰልጣኙ ኩማን ወደ ሜዳ አስገባው፣ ኦክቶበር ላይ ፈረንስቫሮሽ ላይ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ፣ በቃ ገባ፣ አልወጣም። የባርሳ ሜዳ ካምፕ ኑ ላይ ተጫውቶ ሲያበቃ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ታክሲ ሲሳፈር የሚያሳየውን ምስል ሁላችሁም አይታችሁታል። ፌስታል! እኛ ጋ ለቀበሌ ተሰልፎ የማያውቅ ልጅ የሻንጣው ብራንድ ሊያስጨንቀው።

አንደኛው ይሄው ነው። ሁለተኛ።

ለምን ወደድነው? ሄርማታ ሂዱ፣ አጂፕ ሂዱ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። መርካቶ ውስጥ ቁጥር 8 ማልያ ልጅ አስለቅሶ ነው የሚገዛው። ግን እስኪ አስቡት፣ አማካይ እኮ ነው። አማካይ ሰው መች ይወደዋል? ሰው የሚወደው ጎል የሚያገባውን ነው።

እኛው ቤት ማስረጃ አለ። በኛ አቆጣጠር በ2010 ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ሲበላ፣ በመጣበት ዓመት፣ በመጀመሪያ ዓመቱ! ያኔ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ያልጮኸ መኪና አልነበረም። አሰልጣኙ ማን ነበር? ገብረመድህን ኃይሌ! ጎል ማን አገባ? ኦኪኪ! 23 ጎል! አያችሁ፣ ህፃን ልጅ ሳይቀር ይመልሳል፣ ያኔ ያልተወለደ ሁላ ኦኪኪ ይላል። እሺ አሁን ንገሩኝ፣ ለኦኪኪ ኳሱን ማን ነበር የሚያቀብለው? እጅ አውጡ። ... እ? ... እዛ ጋ ያሉት አባት ብቻ። አንድ ሰው። ይኸው አማካይ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚ ይሄ ልጅ ብዙ ጎል ሳያገባ እንዲህ መወደዱ ራሱ ጉድ ነው። እኔ የገባኝ በእናቴ ነው። እማዬ ኳስ አታይም፣ ግን እኔ ሳይ ቡና ቀድታ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ለብቻዬ እንዳልሆን ብላ ነው። አንድ ቀን ዝም ብላ ስታይ ቆየችና "ይሄ ልጅ ግን ምን ሰርቆ ነው እንዲህ የሚገላመጠው?" አለችኝ። የቱ? "ይሄ ቀጭኑ፣ ስምንት ቁጥሩ። አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዛ፣ ፖሊስ እንደሚከተለው።"

ወላሂ እኔ ስንት ዓመት ኳስ አይቼ እንደሷ አላየሁም። ኳሷ ሌላ ሰው ጋ እያለች ሳለ ይገላመጣል። በቀኝ ትከሻው፣ በግራ ትከሻው፣ እንደገና በቀኝ። ኳሷ እሱ ጋ ስትደርስ ቤቱን አይቶ ጨርሷል፣ የት በር እንዳለ የት ግድግዳ እንዳለ ያውቃል። ለዛ ነው ሁለት ሰው ሲመጣበት አብዶ ሳይሰራ፣ ሳይቸኩል፣ በአንድ ንኪ ዞሮ የሚወጣው። እናንተ ደሞ ምን ታደርጋላችሁ? ኳሷ እግራችሁ ስር ከገባች በኋላ ነው ቀና የምትሉት፣ ያኔ ተከላካዩ አፍንጫችሁ ላይ ነው፣ ከዛ "ፋውል!" ብላችሁ ትወድቃላችሁ፣ ከዛ እኔ ቦርሳዬን ይዤ እሮጣለሁ። ብትገላመጡ እኮ እኔም አርፋለሁ።

ሌላ የወደድኩለት ነገር። ዩሮ 2020፣ በኮሮና ምክንያት በ2021 ክረምት ላይ ነው የተካሄደው፣ ስፔን ከክሮሺያ። ሃያኛው ደቂቃ ገደማ ፔድሪ ከሩቅ፣ ከመሀል ሜዳ አካባቢ፣ ወደ በረኛው ኳስ መለሰ። ኡናይ ሲሞን እግሩን ዘረጋ፣ ኳሷ ነጠረችና አለፈችው፣ ጎል! በማን ስም ተመዘገበች? በፔድሪ! በራሱ መረብ ላይ ተብሎ! 18 ዓመቱ ነው፣ ዓለም እያየው ነው፣ እኛ ሰፈር ቢሆን ያ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ከቤት አይወጣም ነበር፣ "ኦውን ጎል" የሚል ስም ወጥቶለት ከነስሙ ይዳር ነበር። እሱ ግን ኳስ መጠየቁን ቀጠለ። ስፔን 5 ለ 3 አሸነፈች። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ከጣሊያን ጋር ጭማሪ ሰዓቱን ጨምሮ ከ66 ኳስ 65ቱን በትክክል አቀበለ፣ በመለያ ምት ተሸነፉ እንጂ። የውድድሩ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተባለ። በዓመቱ መጨረሻ ጎልደን ቦይ የሚባለውን የወጣት ተጫዋች ሽልማት ወሰደ፣ ኮፓ ትሮፊ የሚባለውንም ጨመረበት፣ ባርሳም ውል ሲያድስለት ማፍረሻውን አንድ ቢሊዮን ዩሮ አደረገው። ከ5 ሚሊዮን ወደ ቢሊዮን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ። ያው እንዲህ ያለ ማፍረሻ ይከፈላል ተብሎ አይደለም፣ "አትንኩብን" የማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ሶስተኛው።

73።

በዛ በአንድ ሲዝን፣ ከሴፕቴምበር 2020 እስከ ኦገስት 2021፣ ፔድሪ 73 ጨዋታ ተጫወተ። ለባርሳ 52። ቀሪው ለስፔን፣ ከ21 ዓመት በታች፣ ዋናው ቡድን፣ ኦሎምፒክ። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ አካፍሉት፣ በአራት በአምስት ቀን አንዴ ነው፣ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ በ18 ዓመት እግር። ዩሮው ላይ ስፔን ከተጫወተችው ውስጥ ያመለጠችው አንዲት ደቂቃ ብቻ ናት። ሌላው ጭማሪውም ሁሉም እሱ ላይ ነው። ጁላይ 6 ለንደን ላይ ከጣሊያን ጋር መቶ ሃያ ደቂቃ። ጁላይ 22 ደሞ የት ነበር? ጃፓን! ከግብፅ ጋር፣ ኦሎምፒክ። አስራ ስድስት ቀን። ኦገስት 7 ፍፃሜ፣ ከብራዚል፣ ጭማሪ ሰዓት፣ 2 ለ 1 ተሸነፉ፣ ብር። ኦገስት 15 ላሊጋ ሲጀመር? ሜዳ ላይ ነው!

ያኔ እኔም እንደናንተ ሳጨበጭብ ነበር። "ብረት ነው ይሄ ልጅ" ብዬ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ጮኬያለሁ። ፊዚዮ ነኝ የምለው ሰውዬ! ስራዬ ምን ሆነና?

ከዛ ሴፕቴምበር ላይ የግራ ጭኑ። ተመለሰ፣ ወዲያው ደገመው፣ እስከ ጃንዋሪ የለም። ተመልሶ ሶስት ወር አካባቢ እንደ ጉድ ተጫወተ፣ ሲቪያ ላይ ያገባትን ታስታውሳላችሁ፣ ሁለት ሰው አስቀምጦ ከሩቅ። ኤፕሪል ላይ ፍራንክፈርት፣ የጭን ኋላ ጡንቻ፣ ሃምስትሪንግ የምንለው፣ ሲዝኑ አለቀ። ባለፈው ዓመት ለባርሳ 52 የተጫወተ ልጅ በዛኛው ዓመት ስንት? 22።

73ቱ ነው የበጠሰው ብዬ አልምልም። ጡንቻ ብዙ ምክንያት አለው፣ የሰውነት አፈጣጠር አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ሜዳ አለ። ግን አንድ ልጅ ጋ ይሄን ያህል ጭነው ምንም ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።

እስኪ ስለ ጭን ትንሽ ልንገራችሁ፣ እኔም የመጣሁት ለዚህ አይደል። ጨዋታ ስትጨርሱ ጡንቻችሁ ውስጥ በዓይን የማይታይ ትንንሽ ቅዳጅ አለ። ሁሉም ሰው ላይ አለ፣ በሽታ አይደለም፣ እንዲያውም ጡንቻ የሚጠነክረው ያ ሲጠገን ነው። ለመጠገን ግን ሁለት ሶስት ቀን፣ ምግብና እንቅልፍ ይፈልጋል። ሳይጠገን ሌላ ጨዋታ ከጨመርክበት የተቀደደ ሱሪ ለብሶ እንደ መዝለል ነው። ታዳጊ ላይ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ በአስራ ሶስት በአስራ አራት በአስራ አምስት ዓመት አጥንት ቶሎ ይረዝማል ጡንቻው ግን ቶሎ አይከተለውም፣ ልክ እንደ አጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ ይወጠራል። በክረምት አንድ ሱሪ ገዝታችሁለት በጥር ያጠረበት ልጅ ካላችሁ፣ እናቶች፣ ያ ልጅ ያን ጊዜ ነው በጣም መጠበቅ ያለበት። ተረከዜን አመመኝ፣ ጉልበቴ ስር አመመኝ ሲል "ስንፍና ነው" አትበሉት። አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ላይ ጅማቱ እየጎተተው ነው።

እንዴት አወቅክ ብትሉኝ ከመፅሐፍ ብቻ አይደለም።

እኔም አማካይ ነበርኩ። አትሳቁ! ይሄን ሆድ አትዩ። 19 ዓመቴ ነው፣ "ሞተሩ" ነበር የሚሉኝ፣ ቁጥር 8 ነበር የምለብሰው። ስሙን የማልጠራው ቡድን ነበር፣ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ዛሬም ሰላም እንባባላለን። ቅዳሜ ለትምህርት ቤት ተጫወትኩ። እሁድ ጠዋት ለሰፈር። እሁድ ከሰዓት ደሞ ሌላ ቡድን አማካይ ጎደለውና በሌላ ሰው ስም አስገቡኝ፣ በአንድ ሚሪንዳና በሁለት ሳምቡሳ። ሁለት ቀን ሶስት ጨዋታ። የሐምሌ ዝናብ፣ የጅማን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፣ ሜዳው ገንፎ ነው፣ ታኬታዬ ብቻውን አምስት ኪሎ ይመዝናል። እና ሰዉ ጃንጥላ ይዞ "ሞተሩ! ሞተሩ!" ይላል። እንዴት ደስ እንደሚል! እግሬ ከጠዋት ጀምሮ ከኋላ ይይዘኛል፣ ግን ያን ስም እየሰማህ እንዴት "ደከመኝ" ትላለህ?

ከእረፍት በኋላ አንድ ኳስ ለመያዝ ተነሳሁና ጭኔን ከኋላ በድንጋይ የመቱኝ መሰለኝ። ጧ! እውነቴን ነው፣ ማን ወረወረ ብዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም። ከዛ ነው የወደቅኩት። በኋላ ስማር መምህሩ "ሃምስትሪንግ የሚበጠስበት ሰው ብዙ ጊዜ ዞሮ ያያል" ሲል ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

ወሰዱኝ፣ በትኩስ ቅቤ አሹኝ። ጮህኩ። "ወንድ አይደለህ እንዴ" ተባልኩ። ልብ በሉ፣ ይሄን ፃፉት፣ ጡንቻ በተበጠሰ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀን ማሸት የለም፣ ትኩስ ነገር የለም። ውስጥ እየደማ ያለን ነገር ነው የምታሹት። ማረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ በፋሻ ጠበቅ፣ እግር ከፍ፣ በቃ። በሶስተኛ ሳምንቴ ፍፃሜ ነበር። መራመድ ስለቻልኩ መሮጥ የቻልኩ መሰለኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ይሄን እውነት መናገር አለብኝ፣ መጥተው "እንዴት ነህ፣ ትችላለህ?" አሉኝ፣ እችላለሁ አልኩ። ሰዉ ሲያየኝ ጮኸ። አስራ አንድ ደቂቃ ቆየሁ።

ያቺው ቦታ። እስከ ዛሬ ጭኔ ኋላ ላይ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ አለች።

በሚቀጥለው እሁድ በክራንች ሜዳ ሄድኩ። ሰዉ "ሞተሩ! ሞተሩ!" ሲል ሰማሁና ልቤ ሞቀ፣ እጄን አነሳሁ። እኔን አልነበረም። በኔ ቦታ የገባ ልጅ ነበር፣ ስሙን ለሱ ሰጥተውታል።

እና ያ ሰው ክፉ ነበር? አይደለም። ይወዱኝ ነበር። ፔድሪንስ ማን ነው ያደከመው? ክለቡ ይወደዋል፣ ሀገሩ ይወደዋል፣ አሰልጣኙ ያለሱ ማሸነፍ አይፈልግም፣ እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አሰላለፍ ሲወጣ ስሙ ከሌለ እንሳደባለን። እሱ ራሱ መጫወት ይወዳል። እዚህ ውስጥ ጠላት የሚባል አንድ ሰው ፈልጉልኝ። የለም! ሁሉም ወዶት ነው። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወሰደ፣ ድምሩ 73 ሆነ። ድምሩን የያዘ ሰው ነው የጠፋው።

አንድ ልጅ እጅ አውጥቷል፣ እሺ ጠይቅ። ... ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለማይሰማችሁ፣ "በ2024 እና 25 ሲዝን ለባርሳ ብቻ 59 ተጫውቶ ምንም አልሆነም፣ ታዲያ ጨዋታ መብዛቱ ምን ያደርጋል" ነው የሚለው። ባርሳ ነህ አይደል? አውቄሃለሁ። እውነቱን ነው፣ 59 ተጫወተ፣ በ2020 እና 21 ለባርሳ ካደረገውም በላይ፣ ላሊጋውን በሉ፣ ሱፐር ካፑን፣ ኮፓ ዴል ሬይ ፍፃሜ ላይ ማድሪድ ላይ የመጀመሪያዋን ጎል እሱ አገባ፣ 3 ለ 2። ግን ልዩነቱን እይ። አንደኛ ያኔ 18፣ በ2024 እና 25ቱ ሲዝን ግን 22 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱ ሌላ ነው፣ ትከሻውን ሳይቀር እየው። አሰልጣኝ ፍሊክ ወደ ባርሳ ሲመጣ የአካል ብቃት ስራው ተቀይሯል። ከዛ ደሞ የ2024ቱን ክረምት አስታውስ፣ ዩሮ ላይ ከጀርመን ጋር ጨዋታው ሳይሞቅ ቶኒ ክሩስ ገጨው፣ ጉልበቱ፣ እያለቀሰ ወጣ፣ ዳኒ ኦልሞ ገባ፣ ስፔን ያለሱ ዋንጫውን በላች። ያ ከድካም አይደለም ፋውል ነው፣ ክሩስም በኋላ ይቅርታ ጠይቆታል። ግን ፍላጎቱ ባይሆንም ሳምንታት ከጨዋታ ርቆ ጉልበቱን ሲሰራ ከረመ። በ2021 ማንም ያልሰጠውን ክረምት በ2024 ጉዳት ሰጠው። ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ዶክተሩ አይደለሁም፣ ግን እግር አውቃለሁ።

አሁን አሰልጣኞች፣ ወንድሞቼ፣ አትቆጡኝ። ማልያ እየገዛችሁ፣ በራሳችሁ ብር ኳስ እየነፋችሁ ነው የምትሰሩት፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ ከተማ ውስጥ በሳምንት ለሶስት ቡድን የሚጫወት የ15 ዓመት ልጅ አለ ወይስ የለም? አለ! ለፕሮጀክቱ ማክሰኞና ሐሙስ ይሰለጥናል፣ አርብ ለትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ለሰፈር፣ እሁድ ደሞ ዋንጫ አለ ብሎ አጎቱ ይመጣል። እያንዳንዳችሁ "እኔ እኮ በሳምንት አንዴ ነው የማጫውተው" ትላላችሁ፣ እውነታችሁን ነው። ድምሩ ማን ጋ ነው? ልጁ ጋ። ልጁ ደሞ እችላለሁ ነው የሚለው፣ እኔም ብያለሁ። ሲበጠስ ሁላችሁም "ምን ሆኖ ነው" ትላላችሁ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ስለዚ ዛሬ ደብተር ይዤ መጥቻለሁ። አዎ ይሄ የተማሪ ደብተር ነው፣ ባለ ሰላሳ ሁለት ገፅ። ለያንዳንዱ ልጅ አንድ። ውስጡ የሚፃፈው ቀን፣ ለማን ተጫወተ፣ ስንት ደቂቃ፣ ማታ ስንት ሰዓት ተኛ፣ የሚያመው ነገር አለ ወይ። በቃ። ደብተሩ የአሰልጣኝ አይደለም፣ የልጁ ነው፣ ከቡድን ቡድን ይዞት ይሄዳል፣ ማንም ከማሰለፉ በፊት ይከፍተዋል። ትላልቅ ክለቦች የተጫዋች ሩጫ የሚለኩበት ጂፒኤስ ጃኬት የለንም፣ ደብተር ግን አለን።

ሁለተኛ አንድ ስፖርት ላሳያችሁ፣ ሁለት ልጆች ኑ። አንተ ተንበርከክ፣ አንተ ቁርጭምጭሚቱን ያዝ፣ ጠበቅ አድርገህ። አሁን ወገብህን ሳታጥፍ ቀስ ብለህ ወደ ፊት ውደቅ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ጭንህ ኋላ እስኪይዝህ፣ ሲያቅትህ በእጅህ ተቀበል። አየህ ፊቱን! ይሄ ኖርዲክ ይባላል፣ ዕቃ አይፈልግም፣ ብር አይፈልግም፣ መጀመሪያ በሳምንት አንዴ አምስት አምስት ብቻ፣ ከዛ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ፊፋ ያወጣው 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ፣ ሃያ ደቂቃ ነው፣ እሱም ውስጥ አለ። ከዚህ በፊት ሃምስትሪንጉ የተጎዳ ልጅ ካለ ዋናው እሱ ነው፣ አንዴ የተበጠሰ ሁለተኛ የመበጠስ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ተቀመጡ፣ ጎበዞች።

ሰዓቴ አልቋል እያሉኝ ነው፣ ሰማይም እየጠቆረ ነው፣ ከኮቺ የመጣችሁ ሳይመታችሁ ብትሄዱ ይሻላል። አንድ ጥያቄ ብቻ። ነገ እሁድ ጨዋታ ያለው እጁን ያውጣ። እሺ። ሁለት ጨዋታ ያለውስ?

... አንተ። አዎ አንተ፣ ስምንት ቁጥር የለበስከው፣ አትገላመጥ አንተን ነው። ጠዋት ለማን ነው? ከሰዓትስ? ሁለቱም አሰልጣኞችህ እዚህ አሉ አይደል? አይቻቸዋለሁ፣ አንደኛው ጭንቅላቱን እያከከ ነው። በሉ ሻይ ሲመጣ ሁለታችሁም እኔ ጋ ኑ፣ የመጀመሪያውን ደብተር ለሱ ነው የምሰጠው። አንተም ና፣ ጭንህን ልየው።